ሴባስቶፖል ያለፈበት፣ ቃሬዛ የማያልፍበት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የበጋ ማለዳ፣ በደቡብ ወሎ፣ ከወገል ጤና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር። የደላንታ አምባ ድንገት ተቆርጦ የሚያልቅበት ስፍራ ነው። ከአፋፉ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በገደሉ ወገብ ላይ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዓለም ያወቀው የወሎ ኦፓል ይገኛል። ወጣቱ ገደሉን እየፈለፈለ የሚያወጣው በመዶሻና በዶማ ነው። ልጎበኘው ወደሄድሁት ዋሻ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ አንድ ቀጭን የእግር ዱካ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ ታች አይመልከቱ፤ የእኔን ተረከዝ ብቻ እያዩ ይውረዱ» አለኝ የአጎቴ ልጅ።

ግማሽ መንገድ እንደወረድን ከታች ጩኸት ሰማን። አራት ሰዎች አንድ ቁስለኛ በቃሬዛ ተሸክመው እየወጡ ነው። ለማሳለፍ ጀርባችንን ለገደሉ ሰጥተን ተጣበቅን። ዳሩ ግን ዱካው ከክንድ ስፋት የማይበልጥበት ስፍራ ደረሱና ቃሬዛው አላልፍ አለ። ቁስለኛውን ፈቱት፤ አንዱ ጎረምሳ በጀርባው አዘለው፤ የተሰበረው እግሩ እየተንጠለጠለ በፊቴ አለፈ። ኋላ እንደተረዳሁት የመታው ድንጋይ ከዋሻው ጣሪያ የወረደ አልነበረም፤ ከመንገዱ ራስጌ የተናደ ነው። ልጁ ሥራው ቦታ እንኳ አልደረሰም ነበር።

እዚህ ላይ ታሪክ ማንሳት ግድ ይለኛል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስጎተቱት በዚህችው በደላንታ በኩል ነበር። የጂዳን ሸለቆ ወርደው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ በበሽሎ በኩል ለመሻገር ገደሉን እያስፈለፈሉ መንገድ አወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር በጠረጉት መንገድ ተጠቅሟል። ያ መንገድ የተጠረገው ለሕዝብ ሲሳይ ሳይሆን ለመሣሪያ ነው፤ የከፈለውም መከረኛው ሰው ነው። ስለዚህ ዘመኑን ልናፍቀው አልሻም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያን ሁሉ ብረት ያሳለፈ አገር ዛሬ አንድ ቃሬዛ ማሳለፍ እንዴት ተሳነው?

ጉዳዩ የአንድ እግር ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የበጋ ወራት በደላንታ አንድ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ 20 ያህል ሰዎች ውስጥ ሲቀሩ፣ ስፍራው ለማሽን የማይመች በመሆኑ ሕዝቡ በእጅ መሣሪያ ለመቆፈር ተገዶ ነበር። መንገድ የሌለው ማዕድን አደጋ ሲደርስበት ነፍስ አድን ሠራተኛም የለውም።

አዲስ አበባ እንደተመለስሁ ያየሁትን ለአንድ የመንገድ መሐንዲስ ወዳጄ አጫወትሁት። «መንገድ የሚገድለው እግር አይደለም፤ ውኃ ነው» አለኝ። እንደ እርሱ አባባል መጀመሪያ የሚሠራው ከመንገዱ በላይ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ጽኑ ዐለት የሚመራ ቦይ ነው። ቀጥሎ፣ መንገዱ ለሰው ተዘግቶ፣ የላላው ድንጋይ ከላይ ወደ ታች እየተፈነቀለ ይወርዳል። ከዚያም የውጭው ጠርዝ መሠረቱን ዐለት ላይ ባደረገ የድንጋይ ካብ ወይም በሽቦ በታሰረ ጋቢዮን ይደገፋል፤ በየመካከሉም ሁለት የተጫኑ አህዮች የሚተላለፉበት፣ ቃሬዛ የሚዞርበት ሰፋ ያለ ቦታ ይበጃል። አንድ ቀን መኪና ይግባበት ከተባለ ደግሞ በገደሉ በኩል ቢያንስ እስከ ትልቁ ተሽከርካሪ የጎማ ወገብ የሚደርስ የአፈር ክምር ሊኖረው ይገባል። ይህም ሁሉ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ አይደለም፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ሥራ ሳይጀመር ይጠገናል። የወሎ ኦፓል ውኃ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃ የጠጣ ገደል ግን አንዴ ከተናደ አይመለስም።

ልብ በሉ! ከነዚህ አብዛኛው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ካብ መካብና እርከን መሥራት ለወሎ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎደለው ባለቤት ነው። አንዱን መሥሪያ ቤት ስጠይቅ «መንገዱ በእኛ መዝገብ ላይ የለም» ተባልሁ። ሌላው «እኛን የሚመለከተን ፈቃዱ እንጂ መንገዱ አይደለም» አለኝ። ነጋዴው «እኔ የምገዛው ድንጋይ ነው» አለ። ለመሆኑ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲል፣ ድንጋዩ የጋራችን ሆኖ ገደሉ የልጆቹ ብቻ ነው ማለቱ ይሆን?

«አደገኛ ከሆነ ለምን አይዘጋም?» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በሥጋት ቀን መዝጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን መሬት የሌለውን ወጣት ሌላ እንጀራ ሳያሳዩት ቢዘጉበት በሌሊት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጨለማው በገደሉ ላይ ይጨመራል። መንገዱ መጠገኑም ዋሻውን ከመደርመስ አያድነውም፤ እርሱ የራሱን መላ ይሻል። ይሁን እንጂ ሥራው ቦታ በሰላም መድረስና ሲጎዱ በሰዓቱ መውጣት ከሁሉ የሚቀድም ነው። ስለሆነም ከኦፓል ከሚሰበሰበው ገቢ የመጀመሪያው ብር ለመንገዱ ይዋል፤ ጥገናውንም ተከፍሏቸው የሚሠሩት እነዚያው ወጣቶች ይሁኑ፤ ኃላፊነቱም በአንድ መሥሪያ ቤት ስም ይጻፍ።

የአጎቴ ልጅ ስንለያይ አንዲት ጥፍር የምታክል ኦፓል በመዳፌ አኖረልኝ። እንዲያስርልኝ ለአንጥረኛ ልሰጣት ብዙ ጊዜ አስቤ ተውሁት። እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ልጁ ግን ዛሬም በዚያው ዱካ ይወርዳል።

ቸር ያሰማን።