ከኋላ የሚገፋ

አማርኛችን ጊዜን የሚጠራበት አንድ ረቂቅ መንገድ አለው። ያለፈውን «ፊት» ይለዋል፤ የሚመጣውን «ኋላ»። «ከዚህ በፊት» ስንል ያለቀውን፣ «በኋላ» ስንል ገና ያልደረሰውን ማለታችን ነው። በዚህ ቋንቋ ውስጥ የሚኖር ሰው ፊቱን ወደ ትናንት አዙሮ፣ ጀርባውን ለነገ ሰጥቶ የቆመ ይመስላል። ትናንትን ፊት ለፊት ያየዋል። ነገ ግን ከማያይበት በኩል መጥቶ ይገፋዋል።

ይህን ያስተዋልሁት መኪና ስነዳ ነው ብል አንባቢ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ፤ እኔም እስቃለሁ። ቀን ቀን ጎንደር ከተማ ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። በሁለቱ መካከል አንዲት አሮጌ መኪና አለችኝ፤ አገሩ ሁሉ «ዲኤክስ» ብሎ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አራት በር አላት፤ ሞተሯ 1290 ሲሲ ብቻ ነው፤ ቀለሟም ብዙ እጅ እንደነካው የብር ኖት ደብዝዟል። እኔ ግን የስፖርት መኪና ናት እላለሁ፤ ማስረጃም አለኝ።

ማስረጃዬ የዘር ሐረጓ ነው። ዲኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ከቀረበው ከአራተኛው የኮሮላ ትውልድ ናት። የዚህ ትውልድ መኪና ሞተሩን ከፊት ያስቀምጥና ኃይሉን በረጅም ካርዳን ወደ ኋላ ጎማዎች ይልካል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሮላን በፊት ጎማ ወደሚሳብ መኪና ሲለውጥ የስፖርት ዝርያዎቹን በአሮጌው ሥርዓት አስቀራቸው። ከእነዚህ ስመ ጥሯ ኤኢ86 ናት፤ ጃፓኖች «ሃቺሮኩ»፣ ስምንት ስድስት፣ ብለው የሚያቆላምጧት። የታችኛው አካሏ የተቀዳው ከዲኤክስ ትውልድ ነው። ሹኢቺ ሺገኖ የተባለው ጃፓናዊ ሠዓሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ «ኢኒሻል ዲ» በተሰኘው ተከታታይ የሥዕል ልብ ወለዱ ዝናዋን ከአገሯ አወጣው። ባለታሪኩ ጎረምሳ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ የተባለ ምግብ ሌት ሌት በተራራ መንገድ ያመላልሳል። አባቱ በኩባያ ውሃ ይሰጠዋል፤ ውሃው ሳይፈስ እንዲነዳ። ቁልቁለቱን ከሁሉም ፈጥኖ የሚወርድ ልጅ የሆነው በዚያ ኩባያ ምክንያት ነው።

የላዳም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያመላለሱት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች የፊያት 124 ልጆች ናቸው። ሶቪየቶች የጣሊያኑን መኪና ወስደው እ.ኤ.አ. በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ለክፉ መንገድ እንዲስማማ አድርገው ቀየሩት። ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ ቆርቆሮውን አወፈሩት፤ የኋላውን ዲስክ ፍሬን ጭቃና ጠጠር ስለሚጎዳው በታምቡር ተኩት። ያው ፊያት 124 በጣሊያን በኩል ጣሪያዋ የሚገለጥ «ስፓይደር» የተባለች እኅት ነበረችው፤ አባርት የተባለው ቤት አሰናድቷት በራሊ ውድድር ተሰልፋለች። በስታዲየም በር ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኖረው ታክሲና በአውሮፓ ተራሮች የተወዳደረችው ቀይ መኪና የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግዲህ በአገራችን ጎዳና ላይ ስንት የንጉሥ ዘር በጉልበት ሥራ አድሮ ይሆን?

ከኋላ መገፋት ታዲያ ምን ልዩ ጣዕም አለው? በፊት ጎማው የሚሳብ መኪና የፊት እግሮቹን ሁለት ሥራ ያሠራቸዋል፤ መኪናውን ይጎትታሉ፣ አቅጣጫም ይመራሉ። ሁለት ጌታ እንዳለው ሎሌ ይደክማሉ፤ በጠባብ ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲጨመርባቸው መሪው እጅ ላይ ይከብዳል፣ መኪናውም ወደ ውጭ ወደ ውጭ ይላል። በኋላ ጎማ የሚገፋው ግን ሥራውን አከፋፍሏል። የፊቶቹ ያያሉ፤ የኋላዎቹ ይገፋሉ። መሪው ከሞተሩ ጉልበት ነጻ ስለሆነ መንገዱ በጣት ጫፍ ይነበባል፤ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ የረጠበው ድንጋይ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የሚገፉት ጎማዎች ይበልጥ መሬት ይጨብጣሉ። ዳገቱ ራሱ ይረዳቸዋል ማለት ነው። የምወደው ይህን ነው፤ ችግሩ ሲብስ የሚጠነክር ነገር።

የእኛ አገር ጎረምሳ መኪናውን አሳምራለሁ ሲል የሚጀምረው ዝቅ በማድረግ ነው። ሞላውን ያሳጥራል፤ ሰፋፊ ቸርኬ ይገጥማል፤ ማርሚታውን አስቀድዶ ሰፈሩን ያስደነግጣል። አልነቅፍም፤ ውበት እንደየመንገዱ ነው። የእኔ መንገድ ግን ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ድብ ባሕር የሚሄድ ነው። በዚያ መንገድ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ለድንጋይ የሰጠ መኪና ነው። ስለዚህ እንደ ሶቪየቶቹ አሰብሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ፍሬኑን አሳደስሁ፤ የፍሬን ሸራው፣ ቱቦው፣ ዘይቱ ሁሉ አዲስ ሆነ። ቀጥሎ ጎማ፤ ቀጥሎ ጠንከር ያለ አሞርዛተር፤ ቀጥሎ የላላው የመሪ መገጣጠሚያ። ከሦስት ወር ደመወዜ ብዙው እዚያ ቀለጠ። ለሞተሩ አንድ ፈረስ ጉልበት እንኳ አልጨመርሁለትም። ማርሚታውንም ዝም ያለ አደረግሁት፤ መንገዱን የምጋራው ከበቅሎ፣ ከአህያ፣ ከጠጅ ሣር ተሸካሚና ከእረኛ ሕፃናት ጋር ነውና።

በሞተሩ ላይ ያደረግሁት ለውጥ አንድ ብቻ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከኃይሉ ከሩብ የማያንስ ያጣል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን አይቀንስም፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ እየተፋ ይታፈናል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ይበቃል። የተለወጠችው ነገር ከእህል ቅንጣት ብዙም አትበልጥም፤ መኪናዋ ግን እንደ አዲስ ተነፈሰች። ግጥምም እንዲህ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ቃል ሲቀነስ ስንኙ ይተነፍሳል።

መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ሲናገር ደግሞ እኔ የምሰማው ሌላ ታሪክ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። የሊማሊሞን አሮጌ መንገድ በገደሉ ግንባር ላይ የቆረጠውም ያው የጣሊያን ወረራ ነው። ወራሪው መንገዱን ያወጣው ለጦሩ ነበር። እዚያው አፋፍ ላይ፣ ወልቀፊት በሚባለው በር የመሸገው ሠራዊቱ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ወር ተከተለች። ሰዎቹ ሄዱ፤ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲል ማንም የባዕድ ቃል የሰማ አይመስለውም። ቃልም እንደ መኪና ነው፤ የገዛው ሳይሆን የጠገነው ሲኖርበት ያገሩ ሰው ይሆናል።

ስለ ደስታዬ ልናገር። ከድብ ባሕር ተነሥቼ ሊማሊሞን ስወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በጧት ጉም ውስጥ፣ ፍጥነቷ ከፈረስ ሶምሶማ ብዙም አይበልጥም። ኩርባው ሲቀርብ ነዳጁን አላላለሁ፤ መሪውን እሰጣታለሁ፤ የኩርባው ሆድ ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ እጨምራለሁ። ያን ጊዜ ወገቤ ላይ አንድ እጅ ያረፈ ይመስለኛል። መኪናዋ በኋላ እግሯ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን አቅንታ ትወጣለች። ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ዜማ ቤት እንደ ገባሁ ነው፤ መውደቂያውና መነሻው፣ ማሳረፊያውና መሸጋገሪያው ሁሉ በቦታው ነው።

ቁልቁለቱ ግን ሌላ ሕግ አለው። ሲወረድ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። በረጠበ ጠጠር ላይ ድንገት ማርሽ የቀነሰ ወይም ፍሬን የረገጠ ሰው ጅራቱ ይቀድመዋል። ይህን መንሸራተት በውድድር ሜዳ ሆነው የሚጫወቱበት አሉ፤ ጥበብ መሆኑንም አልክድም። ሊማሊሞ ላይ ግን ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ ያለው አየር ነው። በዚያ መንገድ ስንት ቤተሰብ ሐዘን ተቀምጧል! ስለዚህ ለእኔ የውድድር ሰዓት የለኝም፤ መለኪያዬ አገልግል ነው። እናቴ ወደ ጎንደር ለሕክምና ስትመላለስ አገልግሏን ከኋላ ወንበር አጠገቧ ታስቀምጣለች። ደባርቅ ደርሰን ስንከፍተው ወጡ ከእንጀራው ዳር ካላለፈ በደንብ ነድቻለሁ ማለት ነው። የጃፓኑ ልጅ ኩባያ አለው፤ እኔ የእናቴ አገልግል አለኝ። አንድ ቀን ዳገቱን ጨርሰን ስናበቃ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ «ልጄ፣ መንገዱ አጠረ መሰለኝ» አለችኝ። እስካሁን ለጻፍሁት ግጥም ሁሉ እንደዚህ ያለ ሂስ አላገኘሁም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዕር ይከብዳል። ይህ መንገድ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነት ወርዶበታል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሥቶ፣ ሰው ወደ ወላጆቹ ቤት ለመሄድ እንኳ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቅበት ጊዜ ደረሰ። ብዙ ሳምንት ዲኤክሴ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነሣለሁ፤ ባትሪዋ እንዳይሞት። ሰው በሚሞትበት ዘመን ስለ መኪና ደስታ መጻፍ ቅንጦት አይደለም ወይ? ይህን ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሴ ይህ ነው፤ ሰላም ማለት ለእኔ ትልቅ ቃል ከመሆኑ በፊት ኩርባ ላይ ሌላ ነገር ሳልፈራ ኩርባውን ብቻ መፍራት ነበር። ያጣነውን ለመለካት ያጣነውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል።

ወዳጆቼ መኪናዋን እንድሸጥ ይመክሩኛል። «ዘመኗ አልፏል» ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ወሰነ። የዲኤክስ ዘር ከእንግዲህ በአገሩ ባለው ብቻ የሚቆጠር ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አየሁና ተጽናናሁ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የበዛው ፎልክስዋገን አይዲ 4፣ አንድ ሞተር ብቻ ያለው ዝርያ፣ ሞተሩ የተቀመጠው ከኋላ ነው፤ የሚገፋውም የኋላ ጎማዎቹን ነው። ያለፈ ሥርዓት ያልነው ነገር በኤሌክትሪክ ተመልሶ መጣ። ፊት ያልነው ኋላ ሆነ።

ስለዚህ አልሸጣትም። ለዓመታዊው ምርመራ አዘጋጃታለሁ፤ ቦሎዋን እለጥፍላታለሁ፤ ዘይቷን እቀይራለሁ። መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን አላየውም፤ እንደ አማርኛው ከኋላዬ ነው ያለው። ይህችን ስንኝም ለእሷ ትሁንልኝ፦

ፊቴን ወደ ትናንት አዙሬ ብቆምም፣
የማላየው ነገ ከኋላዬ አይቀርም፤
መሪዬን ጨብጬ ዳገቱን ስወጣ፣
ገፊዬን ባላየው መንገዱን አላጣ።