መጀመሪያ ፒስተኑ፣ ከዚያ ቶርኖ ቤቱ

ሞተር ለሚያድስ መካኒክ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ሕግ አለ፦ ፒስተኑ እጅ ሳይገባ ሲሊንደሩ አይነካም። ያረጀ ሲሊንደር ተቦርቡሮ ከሰፋ በኋላ ወደነበረበት አይመለስም። በአዲሱ ልክ የሚገባ ፒስተን ከጠፋ፣ ሞተሩ ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ሞተ ማለት ነው። አገር ትራክተር ሲገዛም ይህ ሕግ ቢከበር ኖሮ፣ በየግቢው ሣር የበቀለባቸው ትራክተሮች ባነሱ ነበር።

ወሎ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በሬና ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርጎ ወደ ከሚሴ የሚወርደው የቦርከናና የጨፋ ሜዳ ግን ለትራክተር የተመቸ ነው። ባለ ትራክተር የራሱን ካረሰ በኋላ የጎረቤቱን በኪራይ ያርሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ አንድ ሞተር ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዘይት እየበላ ጉልበት ሲያጣ፣ ችግሩ የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ የዘር ጊዜ ያልፍባቸዋል። ዝናቡ ደግሞ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም።

የድሮ ትራክተር ሲነሳ በአገራችን ቶሎ የሚጠሩት ስሞች ሁለት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 መመረት የጀመረው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር የተገጠመለት ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። ሌላው በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እገዛ ናዝሬት በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ነው። ሁለቱም ሲያረጁ ሕመማቸው ይመሳሰላል፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

የፐርኪንሱ ሲሊንደር ስፋት 91.44 ሚሊሜትር ነው። እንግዳ ቁጥር የሚመስለው በኢንች ስለተሠራ ነው፤ ልክ 3.6 ኢንች ማለት ነው። በውስጡ ያለው ላይነር ውሃ የማይነካው ደረቅ ዓይነት ሲሆን፣ እንደ አሠራሩ ወይ ይቦረቦራል ወይ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ከተቦረቦረ ኦቨርሳይዝ ፒስተን ያስፈልጋል። አናቱ ላይ 020 ወይም 030 ተብሎ የሚታተመው የኢንች ሺሕኛ ነው፤ 030 ማለት 0.76 ሚሊሜትር ገደማ የሰፋ። ይህን 0.75 ከሚለው የሚሊሜትር ልክ ጋር አንድ አድርጎ የገዛ ሰው፣ ክፍተቱን ሳይለካ ከገጠመ ለራሱ ችግር ገዝቷል።

ቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80 ላይ ያለው ዲ 240 ሞተር ግን 110 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ ውሃ ዙሪያውን የሚያቀዘቅዘው ተነቃይ ላይነር አለው። እዚህ ላይ ኦቨርሳይዝ ፍለጋ መንከራተት በአብዛኛው ከንቱ ድካም ነው፤ የተበላው ላይነር ይወጣና አዲስ ከነፒስተኑ ይገባል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ላይነሩና ፒስተኑ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ለማለት በሩሲያኛ ፊደል ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት 0.02 ሚሊሜትር ነው። የአንዱን ምድብ ላይነር ከሌላው ምድብ ፒስተን ጋር ያጋባ መካኒክ ሥራውን በቅርቡ ይደግመዋል።

ደስ የሚለው ነገር እነዚህ ሞተሮች ዘር አልባ አለመሆናቸው ነው። የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር በፈቃድ በሕንድ በታፌ፣ በፓኪስታን በሚላት ሲመረት ኖሯል። ሚንስክም የዲ 240 ተተኪ ሞተሮችን ስትሠራ 110 ሚሊሜትሩን አልለወጠችም። ስለዚህ እቃው በዓለም ላይ አለ። የሚቸግረው የቱ ለየቱ እንደሚሆን ማወቅ ነው። ገዢው «የማሴ ፒስተን» ብሎ ከጠየቀ፣ ደንበኛውን የሚያከብር ነጋዴ መልሶ «የሞተር ቁጥሩን ይዘዋል?» ይለዋል። ኮፈኑ ላይ ያለው ስም አይበቃም። የስፒናው ውፍረት፣ ከስፒናው እስከ አናቱ ያለው ቁመት፣ የፋሻው ብዛት፣ አናቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ቅርጽ ሁሉ መግጠም አለበት።

ይህን ሁሉ ሳያጣራ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወርዶ በሶማሌ ተራ የሚዞር ሰው የሚከፍለው ብዙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ፒስተን በዚያው ልክ ተወድዷል። ተሳስቶ የተገዛ ፒስተን ዛሬ ትንሽ ስህተት አይደለም።

«አሮጌ ብረት ማስታመም ይብቃ፣ አዲስ ይገባ» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነት አለው፤ ማገጃው የተሰነጠቀ ሞተር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ሞኝነት ነው። ነገር ግን አዲሱም ትራክተር በጊዜው ያረጃል። ያለ ፒስተን የገባ አዲስ ትራክተር የነገ ቁርጥራጭ ብረት ነው። የግዥ ውል ሲፈረም የትራክተሩ ብዛት ብቻ ተቆጥሮ፣ የላይነርና የፒስተን ሙሉ ስብስብ፣ የመለኪያ ሰንጠረዡና የሞተር መጽሐፉ ከተረሳ፣ ሲሊንደሩን ቦርቡሮ ፒስተን ፍለጋ መውጣት ማለት ነው።

በአካባቢው ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት፤ ደረቅ ወደብም አላት። ተማሪዎች ከአዝመራ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ ትራክተሮቹ ወዳሉበት ሜዳ ወርደው የእያንዳንዱን የሞተር ቁጥርና እስከ ዛሬ የደረሰበትን የኦቨርሳይዝ ደረጃ ቢመዘግቡ ወጪው ብዙ አይደለም። ለዕድሳት የተከፈተ ሞተር ሲገኝ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ መለካት ነው፤ ብዙ የሚበላው ከላይ፣ ፋሻው በሚመለስበት ቦታ ነውና። ያ መዝገብ የገበሬ ዩኒየኖች እጅ ቢገባ፣ እያንዳንዱ ባለ ትራክተር በየፊናው ሶማሌ ተራ ከሚንከራተት፣ የሁሉም ፍላጎት በልኩ ተሰብስቦ በአንድ ትዕዛዝ ይገዛል። እቃው ሚያዝያ ላይ መደርደሪያ ላይ ካለ፣ ሰኔ ላይ ትራክተሩ ማሳው ላይ ይሆናል።