ተረከብኩ

ላንጋኖ ዳር ሦስት ሌሊት አድረን ትናንት ማምሻውን ሽሮ ሜዳ ገባን። ሻንጣው አሁንም በር ሥር እንደተቀመጠ ነው። ዛሬ ጠዋት የልጄን ጫማ ሳራግፍ አንድ ጭብጥ አሸዋ ወረደ። መጥረጊያ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከመጥረጌ በፊት ይህን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከመሄድ አልፋ መሮጥ ጀምራለች፤ "ተይ" የሚለው ቃል ግን ገና አልገባትም። ልንሄድ ነው ስንል ያልመከረን የለም። "ልጅቷ ትንሽ ትደግ እንጂ!" "ይህን ሁሉ ብር አውጥታችሁ ልጅ ስትጠብቁ ልትውሉ?" ምክሩ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እሷ እስክታድግ እኔ ምን ልሁን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ከዚያ ወዲያ ያለው የዓመት ፈቃድ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። የእኔ የአምና ፈቃድ ያለቀው በትኩሳት፣ በክትባት ቀጠሮና ሠራተኛዬ ትታኝ በሄደችበት ሳምንት ነው። "ፈቃድ ላይ ነኝ" ባልኩባቸው ቀናት አንዲት ቀን እንኳ ቀን ላይ ጋደም ብዬ አላውቅም። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናት ለምኜ አስፈቀድኩና ባለቤቴን "ተነስ እንሂድ" አልኩት።

ደግሞ እኛ የእንጦጦ ሥር ሰዎች ለማረፍ ብለን ወደ ውሃ መውረድ አዲስ ነገራችን አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ የተወለደችው ከእንዲህ ዓይነት ጉዞ ነው። የአፄ ምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ፣ ብርዱና ነፋሱ የከበዳቸው የቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ በ1879 ዓ.ም. "አዲስ አበባ" ብለው ስም አወጡለት። ሰውነትን ለማሳረፍ የተወረደበት ሜዳ የአገር ዋና ከተማ ሆኖ ቀረ። አያቴም ብትሆን እነ እናቴ ሕፃናት ሳሉ ጀምሮ በዓመት አንዴ ሰባት ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ትገባ ነበር። የምትሄደው ለጸሎት ነው። ስትመለስ ግን ፊቷ ላይ የሚታየው ያረፈ ሰው ፊት ነበር ትላለች እናቴ። ያኔ ልጆቿን ማን ይይዝላት እንደነበረ ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄው የመጣልኝ ላንጋኖ ላይ ነው።

መንገዱን ብዙ አላወራም። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያ በመቂ አድርጎ ባቱ፣ ባቱን አልፎ ላንጋኖ። እኛ በየቦታው እየቆምን ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ከሽሮ ሜዳ እስከ ሐይቁ ዳር አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት ስለሆነ መቂ ላይ ሹራቧን አወለቅንላት፣ ባቱ ላይ ካልሲዋን፤ ስንደርስ በውስጥ ልብሷ ብቻ ነበረች።

ያረፍንባት ቤት አንዲት ክፍልና በረንዳ ያላት የሣር ክዳን ናት። ባለቤቴ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ሲከፍት "በይ እንግዲህ፣ እንደገና ጎጆ ወጣን" አለኝ። እንደዚያ ከሳቅኩ ብዙ ወራት እንዳለፉ ወዲያው ታወቀኝ።

ላንጋኖን ያላየ ሰው ሰማያዊ ውሃ ይጠብቃል። ውሃው ግን ቡናማ ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ ረቂቅ ደለል ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው። ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ሰው ለዋና የሚመርጠውም እሱን ነው። ማዶ የአርሲ ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። ልጄ ውሃው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች፤ በአንድ ጣቷ ነካችው፤ ዞር ብላ አየችኝና "ሻይ!" አለች። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ሻይ ሆኖ ቀረ። የሃይላንድ ክዳን ሰጠኋት። በክዳኑ ሻይ ትቀዳለች፣ ጫማዋ ውስጥ ትደፋለች፣ እንደገና ትቀዳለች። አርባ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ላይ ሁለት ደቂቃ የማትቆይ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ከአንድ ክዳን ጋር ቆየች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ዳሩ ላይ ነበርን። ባለቤቴ ስልክ ተደወለለት። እኔ ፎጣ ላመጣ ወደ ጎጆዋ ዞርኩ። እሱ እኔ የማያት መሰለው፤ እኔ እሱ። በረንዳው ላይ ደርሼ ስመለስ ዳሩ ላይ የነበረው ጫማዋ ብቻ ነው። ነፋሱ ተነስቶ ሞገድ ጀምሮ ነበር፤ ሞገዱ ገፍቶ ውሃው ውስጥ አስቀምጧታል። እየሮጥን ስንደርስ ውሃው አገጯ ሥር ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክዳኗን በእጇ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን። ግን ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። ሕፃን ውሃ ሲወስደው የሚጮህ ይመስለን ነበር። አይጮህም። ጥልቅ ውሃም አያስፈልገውም፤ ግቢያችን ውስጥ ያለው የልብስ ሳፋ ይበቃል።

ያን ሌሊት እሷ አጎበር ውስጥ ተኝታ እኛ በረንዳ ላይ ተጣላን። አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ። ሲደክመን ዝም አልን። ዝም ስንል ነው የቤታችን ግቢ የታወሰኝ።

የምንኖርበት ግቢ አምስት ቤት አለው። በራችን ፊት ለፊት ሸማኔ ጎረቤታችን የሚሠራበት ክፍል አለ። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ያየ ያውቃል፤ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ስለሚቀመጥ ፊቱ ከሕፃን ፊት ጋር እኩል ነው። ልጄ ደጁ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ እሱም መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየላከ ያያታል። ወደ ውጭው በር ከሄደች "ሚጣ፣ ወዴት ነው?" ይላታል። ቡና የምታፈላው እማማ በመስኮት ታያለች። ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች አንስተው ያመጧታል። እኔ ወጥ ሳማስል ቀና ብዬ የማላየው ጎበዝ እናት ስለሆንኩ አልነበረም፤ አምስት ቤት ሰው ያያት ስለነበረ ነው። ማንንም "ጠብቅልኝ" ብለን አናውቅም፤ ማንም ተመስግኖበት አያውቅም። ሐይቁ ዳር ስንወርድ ልብስ፣ መድኃኒት፣ አጃ፣ ፖፖ ሁሉ ይዘን እነዚያን ዓይኖች ግን ትተን ነበር የሄድነው። ለሁለት ሰው የተተወ ሥራ መሆኑን ስላላወቅን እንደ ግቢያችን ሁሉ እያንዳንዳችን በሌላው ላይ ጣልነው።

ባለቤቴ የሚሠራው ንብረት ክፍል ነው። በእነሱ ዘንድ ያለ ርክክብ አንዲት ወንበር ከቦታዋ አትነሳም። "እንግዲህ እንደዚያ እናድርግ" አለ። ከማግስቱ ጠዋት ጀምሮ አንዳችን ልጅቷን ለሌላው ስንተው አፍ አውጥተን "ተረከብ"፣ "ተረከቢ" እንል ጀመር። ሌላው "ተረከብኩ" ካላለ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። "ተረከብኩ" ያለ ሰው ስልክ አይነካም፣ አይቀመጥም፤ ልጅቷም ከእጁ ርቀት አትወጣም። ያስረከበ ደግሞ አያይም። ዞር ብሎም አያይም።

ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው ለእኔ የከበደኝ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ባለቤቴ "ተረከብኩ" ብሎ ይዟት ሄደ፤ እኔ ከግራር ሥር ጋቢ አንጥፌ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ በድንጋጤ ባነንኩ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እንዲህ እየባነንኩ ስኖር። ልነሳ ስል ከታች ድምፁ መጣ፣ "ሻይ ቅጂልኝ እስቲ፣ ስኳር አብዢ" ይላታል። ተረክቧል ማለት ነው። መልሼ ተኛሁ። ለአራት ቀን ከከፈልነው ገንዘብ ሁሉ ዋጋ ያለው ያ ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ስነሳ ጥላው ከእኔ ላይ አልፎ ሄዷል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ።

ልትሄዱ ካሰባችሁ አንዳንድ ነገር ልበል። አጎበር ቢኖርም ባይኖርም የራሳችሁን ያዙ፤ ስምጥ ሸለቆ የወባ አገር ነው፣ የእኛ የደጋ ልጆች ደግሞ አያውቋትም። ሙዝ በረንዳ ላይ አታስቀምጡ፤ አንዲት ጦጣ ሙዙን ከልጄ እጅ ነው የነጠቀችው፣ ልጄም ጦጣዋም እኩል ጮኹ። ቤት ስትከራዩ ከበሩ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነና በረንዳው መዝጊያ እንዳለው ጠይቁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት አትቁጠሯት፤ ልጅ በአዲስ ቦታ አይተኛም፣ እናንተም አትተኙም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ ለማደር አትሂዱ። አያት ካለች ደግሞ ይዛችኋት ሂዱ። እኔ በሚቀጥለው እናቴን ይዤ ነው የምሄደው።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ ሰባት ቀን ጠበል ስትገባ እናንተን ማን ይይዛችሁ ነበር አልኳት። አላሰበችበትም፤ ወዲያው መለሰችልኝ። ጎረቤታቸው ነበረች፤ ሦስት የራሷ ልጆች ያሏት ሴት። እሷ ጠበል ስትገባ ደግሞ አያቴ የእሷን ሦስት ትይዝ ነበር።

ከእኛ ግቢ ጀርባ በኮንዶሚኒየም የምትኖር ጓደኛዬ መንታ አላት፤ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ባሏ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፤ ደረጃው ላይ ደግሞ እንደ እኛ ግቢ የሚያይላት ሰው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን አምጪልኝና ሄደሽ ተኚ ብያታለሁ። እምቢ አለች፣ አላስቸግርም አለች፤ በመጨረሻ እሺ አለች። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ተረክቤያለሁ። እናንተም በዚህ ሳምንት ለአንዷ እንዲህ በሏት።