በአንድ ማህተም ደርሶ መልስ

ልጆቻቸው ጠርተዋቸው አሜሪካ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው የሚሄዱ ወጣቶችም አሉ። ቪዛው ተመትቶ፣ ሽኝቱ ተበልቶ፣ ሻንጣው ተመዝኖ ሲያበቃ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ግሪን ካርድ የምንለው ዋናው ካርድ ግን በእጅ አይሰጥም፤ አገሩ ከተገባ በኋላ በፖስታ ነው የሚመጣው። በመካከል ሳምንታት አሉ፣ አንዳንዴም ወራት። በእነዚያ ወራት አገር ቤት የሚያስጠራ ነገር ቢመጣስ? እኔን ይህ ገጥሞኛል። በቅርቡም ሁለት ጎረቤቶቼ ስለዚሁ ጉዳይ ስለጠየቁኝ፣ መንገዱን እንዳየሁት ልጻፈው አልኩ።

እኔ ነርስ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። የወረቀት አያያዝ የተማርኩት ከበሽተኛ ካርድ ነው፤ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ለእኔ ወረቀት አይደለም። ልጄ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜግነት ስታገኝ አመለከተችልኝ፤ እኔም ጥር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ይህ ዳለስ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር ያምታታዋል። በፈረንጆች 1962 የተከፈተ፣ ኤሮ ሳሪነን የሚባል አርክቴክት የነደፈው ነው። ከአውሮፕላኑ የወረደ መንገደኛ ቁመቱ እንደ ፎቅ በሆነ፣ አውቶቡስ በሚመስል ትልቅ መኪና ተጭኖ ወደ ፓስፖርት ምርመራው ይወሰዳል። እኔስ ሰው አዳራሽ ውስጥ እንደቆመ አዳራሹ ሲነሳ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የጉዳዩ ሥር ያለው እዚያ ምርመራው መስኮት ላይ ነው። መኮንኑ አሻራዬን ተቀበለ፣ ፎቶ አነሳኝ፣ ከዚያ ቪዛው የተለጠፈበት ገጽ ላይ የገባሁበት ቀን ያለበትን ማህተም መታ። የኢሚግራንት ቪዛ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ። በአማርኛ ሲፈታ፣ ይህ ቪዛ ማህተም ሲደረግበት ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ጊዜያዊ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል ይላል። አይ-551 ብለው ይጠሩታል፤ የግሪን ካርዱ የመዝገብ ስም ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማህተሙ ያረፈበት ያ ገጽ ራሱ ለአንድ ዓመት ግሪን ካርድ ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ቪዛው ላይ ከተጻፈው ቀን አይደለም፣ ከማህተሙ ቀን ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ቦሌ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያስቆመችኝ እሷ ናት።

ለካርዱ መሥሪያ ክፍያ አለው። ያኔ 220 ዶላር ነበር፣ አሁን 235 ሆኗል። ካልተከፈለ ካርዱ አይታተምም። ልጄ ገና ሳልመጣ ከፍላ ነበር፤ ካርዱ ግን የካቲትም አልፎ፣ መጋቢትም ገብቶ አልመጣም። ባለቤቷ በየማታው ከሥራ ሲመለስ የፖስታ ሳጥኑን ይከፍታል፤ የሚያወጣው የፒዛ ማስታወቂያ ነው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከደብረ ብርሃን ተደወለ። ታላቅ እህቴ ስኳር ካደረባት ቆይቷል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷን የማያውቅ የለም። ማታ ማታ ከሰል ተቀጣጥሎ ዙሪያውን ይሞቃል። እህቴ እግሯን ወደ ፍሙ አስጠግታ ትሞቃለች፤ የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ቆዳው ሲቃጠል አልተሰማትም። ነጠላ ጫማው ከእግሯ ጋር ተጣብቆ ያየችው የልጅ ልጇ ናት። (ስኳር ያለበት ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ እግሩን ከምድጃ አርቁ። ሙቀት ከፈለገ ወፍራም ካልሲ ያድርግ።) ስትደውልልኝ ቁስሉ ሳምንታት አልፎታል፤ ስለ መቆረጥም ይወራ ነበር።

በአንድ ወገን እህቴ ናት። በሌላ ወገን ልጄ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ለአራስነቷም ያለ እኔ ሰው የላትም። ካርድ የለኝም፤ ወጥቼ መመለስ ብቸግር አንዷን ሳላስታምም ሌላዋን ሳላርስ መቅረቴ ነው። አማቼ ጠበቃ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ ማህተሙ ዓመት እስኪሞላው ድረስ መውጣትም መግባትም ይቻላል፣ ግን ቶሎ ተመለሺ። ቶሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነም አስረዳን። ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ኋላ ዜግነት ሲጠየቅ ጥያቄ ያስነሳል። ከዓመት በላይ የሚቆይ ሰው ደግሞ አስቀድሞ፣ አሜሪካ ውስጥ እያለ፣ የመመለሻ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

ቲኬቱን ስንቆርጥ ርካሹን ትተን አውሮፓ ላይ የማይቀየረውን መረጥን። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ከዚህ ነጻ ነው። ካርድ ሳይሆን ማህተም የያዘ ግን የሚያልፍበትን አገር ቆንስላ ሳይጠይቅ ቲኬት ባይቆርጥ ይሻለዋል። ከማንም ጋር እንግሊዝኛ ተሟግቼ ለማደር ዕድሜዬ አይፈቅድም።

መጋቢት 24 ተነሳሁ። በዚያው ወር መጀመሪያ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ አገሩ ሐዘን ላይ ነበር፤ በጉዞው ብዙ ሰው ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው። ቦሌ ስደርስ የራሴን አገር ፓስፖርት ስለያዝኩ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ወደ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፎ ሸኖ ሲደረስ ሚኒባሱ ቆመ፤ የሸኖ ቅቤ ሳይሸተትበት የሚያልፍ መኪና የለም። ጾም ነውና ሽታው ብቻ ደረሰን። ከሸኖ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል፤ የታጨደ ገብስ፣ የባሕር ዛፍ መስመር፣ ፀጉራቸው እስከ ጉልበት የወረደ በጎች። የሜሪላንድ ብርድ ቤት ሲገባ ያልፋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ተከትሎ ይገባል፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ መተከሉ ያለ ነገር አይደለም። ከተማዋን የቆረቆራት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ብርሃን ከሰማይ ወርዶ ስለታየ ስሙን እንዳገኘች ይተረካል፣ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ አለ። እህቴ ቤቷ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ አልጋዋ ላይ ሆና ቅዳሴውን ትሰማለች።

ቁስሉን ፈትቼ ሳየው የፈራሁትን ያህል አልነበረም፣ ቀላልም አልነበረም። ሁለት ጣት ጠቁሯል። ሆስፒታል ወሰድናት፤ አንዱ ጣት ተቆረጠ፣ ሌላው ተረፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የነርስ ሥራ ነው። በየዕለቱ በጨው ውኃ ማጠብ፣ በንጹሕ ጎዝ መሸፈን፣ ስኳሯን እየለኩ መጻፍ፣ ከሁሉም በላይ እግሯን ከመሬት ማስነሳት። አንድ ታማሚ አልጋ ላይ ማዋል የእርሻ በሬ በረት ከማዋል ይከብዳል። ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 20፣ ዶሮ ወጡን ራሴ እሠራለሁ ብላ ተነስታ ተጣላን። ጎረቤቶች «ሲስተር፣ ተያት፣ በዓል ነው» አሉኝ። አልተውኳትም፤ ወንበር ላይ አስቀምጬ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ሽንኩርት አስከተፍኳት።

ግንቦት ሲገባ ቁስሉ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ማብቀል ጀመረ። እኔ አንድ ወር ልጨምር አሰብኩ፣ የሕጉ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። እህቴ ግን «ወረቀትሽ ሳይበላሽ ሂጂ። እኔን ያሳመመኝ እግሬ ነው፣ አንቺን የሚያሳምምሽ አራሷን ሳትደርሺላት የቀረሽ እንደሆነ ነው» አለችኝ። የልጅ ልጇን ጎዝ አስተሳሰር አስተማርኩ፤ ልጅቷ ከብዙ ተማሪ ነርስ ትሻላለች። ግንቦት 28 ለመብረር ቦሌ መጣሁ።

ቆጣሪው ላይ የነበረችው ወጣት ፓስፖርቴን አገላብጣ «እማማ፣ ይሄ ቪዛ እኮ በፈረንጆች ሜይ 20 ላይ አልፎበታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን አልፏል። የኢሚግራንት ቪዛ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ነው የሚሰጠው፤ ያ ቀን ግን አንዴ ለመግባት የተሰጠ ነው። «የኔ ልጅ፣ ማህተሙን እዪው፣ ከግርጌ ያለውን መስመር አንብቢው» አልኳት። አነበበችው፣ ግን ካርድ ካላየሁ አልጭንም አለች። አልተቀየምኳትም። አየር መንገድ ሰነድ የሌለው ሰው ጭኖ ቢወስድ ቅጣቱ በእሱ ላይ ነው፤ ልጅቷም እንጀራዋ ነው። እኔም መድኃኒት ያለ ሐኪም ፊርማ ሰጥቼ አላውቅም። አለቃዋን እንድትጠራ በትሕትና ጠየቅኋት።

ከእኔ ኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። ሻንጣዬ ከሚዛን ወርዶ ጎኔ ቆመ፤ ውስጡ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና በሶ ነው። በዚያች ሃምሳ ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ሕግ አልነበረም፤ ልጄን ማን ጀርባዋን ያሻታል የሚለውን ነበር። አለቃው መጣ። አየር መንገዶች የየአገሩን የመግቢያ ደንብ የሚያዩበት ቲማቲክ የሚባል መዝገብ አላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገው፣ ማህተሙን ከቀኑ ጋር አስተያየ፣ በጣቱ ወራቱን ቆጠረ፣ «ትክክል ናቸው፣ እስከ ጃንዋሪ ይችላሉ» አላት። ወጣቷ ቦርዲንጉን ስትሰጠኝ አፍራ ነበር። የግርጌውን መስመር ገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳች፤ ለሚቀጥለው ሰው ይሆናታል ብዬ ደስ አለኝ።

ዳለስ ላይ የተሰለፍኩት ከዜጎችና ከቋሚ ነዋሪዎች ጋር ነው። መኮንኑ ገጹን አየ፣ ምን ያህል ቆየሽ አለኝ፣ ሁለት ወር አልኩት፣ ምግብ ይዘሻል አለኝ፣ የገብስ ዱቄት አልኩት። በቃ። ከቦሌው ጋር ሲተያይ ቀልድ ይመስላል።

ሌላ ዓይነት ጊዜያዊ ማስረጃ የያዙም አሉ። የአሥር ዓመቱ ካርድ አልቆባቸው እድሳት ያመለከቱ ሰዎች የማመልከቻቸው መቀበያ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ወዲህ ደብዳቤው ካርዱን ለ36 ወራት ያራዝማል። ደብዳቤው ብቻውን አይሠራም፣ ካለቀው ካርድ ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ዋናውን እንጂ ኮፒውን አይያዙ። አገር ቤት ሳሉ ካርዱ የጠፋባቸው ደግሞ ለአሜሪካ ኤምባሲ አመልክተው አውሮፕላን ለመሳፈር ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ፓስፖርታቸው ላይ ያስለጥፋሉ። ደንቦቹ ስለሚቀያየሩ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ማየት ነው።

የልጅ ልጄ የተወለደው ሰኔ መጨረሻ ነው። ካርዱ ከእሱ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ከመብራት ሒሳብ ጋር አንድ ላይ መጣ። እህቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሕፃኑ ክብደት ነው፣ ቀጥላ ስለ ካርዱ። እኔ ስለ እግሯ ስጠይቃት በዱላ እስከ ሥላሴ ደርሳ መመለሷን ነገረችኝ፤ ከሰሉንም የልጅ ልጇ ወደ ጓዳ እንደወሰደችባት አማረረች።