ክረምትን በኮላ ድባ ቤት ሲውሉ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ ሲወርዱ፣ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኮላ ድባ ይደርሳሉ። ስሟ ቆላ ያስመስላታል እንጂ ወይና ደጋ ናት። ዙሪያዋ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋ የደምቢያ ሜዳ ነው፤ አፈሩም ጥቁር ዋልካ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይዞ ያስቀራል። በሐምሌ የዕረፍት ቀን ያገኘ ሰው ወዴት ልሂድ ብሎ ብዙ አይጨነቅም።

ውድ አንባቢ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ግን ሰውን ቤት ያዋለው ጭቃው ብቻ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብና መጨባበጥ ተከለከለ። ጎረቤት ጠርቶ ቡና ማፍላት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም።

ደምቢያ ወረርሽኝን ቀድሞም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ ሜዳ የተነሣው ወባ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም ለተግባር ልምምድ ወደ ኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ከወባ ግን ቤት መቀመጥ አያድንም፤ ትንኟ ማታ እቤት ገብታ ትነድፋለች። በኮቪድ ጊዜ ቤት ጋሻ ሆነ።

ጋሻው ለሁሉ እኩል አልደረሰም። ደመወዝተኛው ቤት ቢውል እንጀራው አይጎድልበትም። የቀን ሠራተኛውና ጉልት የምትቸረችረው እናት ቤት ከዋሉ ግን ልጆቻቸው ማታ ምን ይበላሉ? ገበሬውም ጤፉን የሚዘራው በዚሁ በዝናቡ ወራት ነው።

ቤት የዋለ ሁሉ ዐረፈ ማለትም አይደለም። ባልና ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ሲሆኑ የሚታጠበው ሳህን ይበዛል፣ ምጣዱም አይበርድም። ስለዚህ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኙ ቡናውን እርስዎ ይቁሉት፤ ማዕረግዎ አይቀንስም። በቆሎ እሸቱን ልጆቹ ይጥበሱ። እርስዎም፣ እኅቴ፣ ጭሱ በዛ፣ ፍሬው አረረ ብለው ከመኝታዎ አይነሡ። (ማረሩ አይቀርም።) ሬድዮውንም ዝጉት፤ ወሬውን ነገም ትሰሙታላችሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጨዋታ አይሰማም፤ እስኪያባራ ዝም ብሎ ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። ሲያባራ በሩን ክፈቱትና ቶናውን ደጃፍ ላይ ጠጡ። ሜዳው ላይ የተኛው ውኃ ያብረቀርቃል። መስከረም ሲጠባ ይሸሻል፤ ገበሬውም በቀረው እርጥበት ላይ ሽምብራ ይዘራል።