ሳይከፈት የተመለሰ ደብዳቤ



እኛ ሦስት የሐሙሲት ልጆች ነን። አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ ደብረ ታቦር ስንመጣም አልሐምዱሊላህ አንድ ዶርም ደረሰን። ስማችንን ያልጻፍነው ራሳችንን ለመደበቅ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ክብር ስላለበት ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ፍሬሽ እያለን ነው። ከአንዳችን ደብተር ውስጥ ታጥፎ ተገኘ። ማታ አልጋ ላይ ተሰብስበን ከፈትነው። አንዷ ድምጿን እየቀያየረች አነበበችው፤ እኛም ሳቅን። ሊጠይቁን የመጡ የሌላ ዶርም ልጆችም ሰሙ። በሳምንቱ ከደብዳቤው አንዲት ዐረፍተ ነገር ካፌ ሰልፍ ላይ መቀለጃ ሆና ሰማናት። ልጁ አንድም ክፉ ቃል አልጻፈም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከጀመዓው ፕሮግራም መቅረቱን ሰማን። ለምን እንደቀረ የጠየቀ አልነበረም፤ እኛ ግን እናውቅ ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው በሴሚስተር እረፍት ሐሙሲት ሳለን ነው። ሐሙስ ቀን፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ የአንዳችን ታናሽ ወንድም ከረሜላ እየመጠጠ መጣና የታሸገ ፖስታ ሰጠን። ከረሜላውን ማን እንደገዛለት ስንጠይቀው የፖስታውም ላኪ ታወቀ። እህታችን ነገሩ አዲስ አልሆነባትም። ከዚያ በፊት በሰው አስጠይቋት፣ አልፈልግም ብላ ነበር። እጇ ወደ ፖስታው ጠርዝ ሄደና ተመለሰ።

«ከከፈትኩት ለእናንተ ሳልነግራችሁ አላድርም» አለች።

እውነቷን ነው። እኛም ሳንጠይቃት አናድርም ነበር።

ያን ጊዜ ሱረቱ አን-ኑር ስለ ሰው ቤት ደጃፍ ያስተማረችን ትዝ አለን። ሳይፈቀድ አይገባም፤ ተመለሱ ከተባለም ሳይቀየሙ መመለስ ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ፈቃድ ያላገኘ ሰው መመለስ እንዳለበት አስተምረውናል። ደብዳቤም በር ማንኳኳት ነው ብለን አሰብን። ሰው በአደብ ማንኳኳቱ ነውር የለውም፤ ባለቤቷም አለመክፈቷ ነውር የለውም። ነውሩ በሩን ከፍቶ፣ የቆመውን ሰው ጎረቤት ጠርቶ ማሳቅ ነው። እኛ በመጀመሪያው ደብዳቤ ያደረግነው ይህንን ነበር።

«ታዲያ ዝም ብሎ ማስቀመጥስ?» የሚል ይኖራል። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ይከብዳል። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ምላሽ ሲያጡ ንቀት ነው ብለው ተቆጡ፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንም አሰሩ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ በጦርነት አለቀ። የነገሥታትን ጉዳይ ከተማሪ ፖስታ ጋር ማስተያየት ይበዛ ይሆናል። የሰው ልብ ግን ያው ነው። «አይሆንም» ሲባል ያዝናል፣ ይረሳልም። ዝም ሲባል ግን እንደ ስሜቱ ይተረጉመዋል፤ አንዱ ተስፋ ያደርገዋል፣ ሌላው ንቀት።

ስለዚህ በዚያው ቀን መለስነው። በሕፃኑ እጅ አላክነውም፤ የሕፃን አፍ ገበያ ውስጥ ምን እንደሚያወራ አይታወቅም። ጠብ እንዳይነሳ ብለን ለታላላቅ ወንድሞቻችንም አልነገርንም። ሁለቱን ቤተሰቦች ለሚያውቁ አክስቷ ሰጠናቸው።

«አክስቴ፣ አልተከፈተም፣ ማንም አላየውም፤ አላህ ከሌላ በኩል ኸይሩን ይስጠው በይልኝ» አለቻቸው።

አክስቷ ፖስታውን ገልብጠው ማሸጊያውን አዩና «ደግ አደረጋችሁ። የሰውን የሸፈነ አላህ የእሱን ይሸፍንለታል» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ምን እንዳለ አልጠየቅንም። ሌላ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ለዒድ ሐሙሲት ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘነው፤ ቀና ብሎ ሰላም አለን። አንገቱን አልደፋም። እኛም እርስ በርስ አልተያየንም፣ አልሳቅንም። ምን ብለን እንስቃለን? የጻፈውን አናውቀው!

ዛሬ ወረቀት የሚልክ ጥቂት ነው፤ ስልክ ላይ የሚመጣው ግን ያው ማንኳኳት ነው። የማትፈልጊውን በአጭርና በአደብ «አይሆንም» በይ፤ ስክሪንሾት አንስተሽ ለጓደኛ አትላኪ። ወንድሞችም ኒካሕ ካሰባችሁ በወሊዋ በኩል የታወቀ በር አለ፤ አይሆንም ከተባላችሁ ደግሞ ተመለሱ። ከተመለሰለት በኋላ ደጋግሞ የሚልክ፣ የሚያስፈራራ ሰው ካለ ያ ማንኳኳት ሳይሆን በር መስበር ነው። እንዲህ ያለውን አትመልሱ፤ አስቀምጡትና ለቤተሰብ፣ ለግቢው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ አሳዩ። እሱን መሸፈን አይጠበቅባችሁም።

በመጨረሻ፣ ለመጀመሪያው ወንድማችን። ይህን ታነብ እንደሆነ አናውቅም። ደብዳቤህን ያን ሰሞን ቀደን ጥለነዋል፤ ሳቃችንን ግን መቅደድ አልቻልንም። አንተ በአደብ አንኳኳህ፤ እኛ ነን ያዋረድንህ። ለአላህ ብለህ ዓውፍ በለን። ወደ ጀመዓውም ተመለስ፤ መቅረት የነበረብን እኛ እንጂ አንተ አልነበርክም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።