ሚዛኑ ልክ ነበር

ልጅ ሳለሁ እናቴ መርካቶ በርበሬ ተራ ስትወስደኝ መጀመሪያ የምታየው ሚዛኑን አልነበረም። አንድ ዛላ ታነሳና ትሰብራለች፣ ፍሬውን ታራግፋለች፣ ታሸታለች። ነጋዴው «እትዬ፣ ሚዛኑን ይዩት እንጂ፣ ልክ ነው» ሲላት «ሚዛኑማ ልክ ነው፤ እኔ የሚመዘነውን ልወቀው» ትለው ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ክረምት በገዛ ወጥ ቤቴ ያየሁት ነገር ነው። ከገበያ ስመለስ የ22 ዓመቱ ልጄ ረከቦቴ ላይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ግሊሰሪን፣ የኬክ ማጣፈጫ ኢሰንስና አንድ የማላውቀው ጥቁር ጠርሙስ ደርድሯል። ከቡና ሲኒዎቼ አንዱ ውኃ በመሰለ ፈሳሽ ተሞልቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«የቬፕ ነው፣ እማዬ። ተሠርቶ የሚሸጠው ውድ ነው፤ ራሴ ስቀምመው ይሻላል።»

ቬፕ የሚሉት በባትሪ እየሞቀ ፈሳሽን ወደ ጭስ መሰል እንፋሎት የሚለውጥ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። መጮህ አምሮኝ ነበር። ግን ብጮህ ወደ ጓደኛው ቤት ወስዶ እንደሚቀምመው አውቃለሁ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና «እስቲ አስረዳኝ» አልኩት።

ጥቁሩ ጠርሙስ ከውጭ አገር ሰው ያመጣለት ኒኮቲን ነበር። ላዩ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ይላል። እሱ የሚፈልገው 3 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ ብዙ ማቅጠን አለበት። «በዓይን የሚገምት ነው የሚጎዳው። እኔ በሚዛን ነው የምሠራው» አለኝ። ጥንቃቄው እውነት ነበር፤ ደብተር ላይ ሒሳቡን ጽፏል።

«3 ልትል 30 ብትጨምርስ?»

«አሥር እጥፍ ይሆናል።»

ወጥ ጨው ቢበዛበት እናቀጥነዋለን። ይኼን ግን ከሳበው በኋላ ነው የሚያውቀው፤ ያኔ ማቅጠን የለም። ቀጥዬ የእናቴን ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 100 መሆኑንስ ማን መዘነው?»

ዝም አለ። በአገራችን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን መሸጥ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ተደብቆ የሚገባን ዕቃ ደግሞ የሚመረምረው የለም። በርበሬ ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ተቀላቅሎ ተያዘ ሲባል የሰማን ሰዎች ነን። ሚዛኑ ልክ ቢሆን ጡቡን በርበሬ አያደርገውም።

ቀጥሎ ኢሰንሱን አነሳሁ። ለኬክ የገዛሁት የራሴ ነው። «ይሄ እኮ የሚበላ ነው፣ ምን ያደርጋል?» አለኝ። በስልኩ አብረን ፈለግን። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ቬፕ የሚያጨሱ ሰዎች ሳንባ በድንገት ይታመም ጀመር። በአብዛኛው የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ማወፈሪያ ሆኖ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር ዋናው ተጠርጣሪ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል፤ 68ቱ ሞተዋል። ያ ዘይት ለቆዳ ይቀባል፣ ይዋጣል፣ ችግር የለውም። ለሆድ የሚሆን ሁሉ ለሳንባ አይሆንም። ዘይት ያለበት ማጣፈጫም ሲሳብ ሳንባ ያቆስላል።

ይህን ስናነብ የሁለት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። ፈሳሹ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ቀጥታ እጇን ወደ ሲኒው ዘረጋች።

ልጄ ነው ቀድሞ የያዛት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሒሳቡን እሱም ያውቀዋል። ከዚያ ጥቁር ጠርሙስ አንድ የሻይ ማንኪያ 500 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ነው፤ ከዚያ እጅግ ያነሰው እንኳ ሕፃን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በኒውዮርክ ግዛት የአንድ ዓመት ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ውጦ ሞቷል፤ አሜሪካ ልጆች የማይከፍቱት ክዳን ግዴታ እንዲሆን ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ በ2016 ነው።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ በቤታችሁ ካለ ይህን እወቁ። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል፤ ከፈሰሰበት የነካውን ልብስ አውልቃችሁ ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ልጅ ከዋጠው ማስታወክ፣ ምራቅ መዝረብረብ፣ መገርጣት፣ ማላብ፣ ሲብስም መንቀጥቀጥ ይመጣል። ምልክቱን አትጠብቁ፣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እንዲያስወግድልኝ ለማውቀው ፋርማሲስት ወሰድኩት። ልጄ አቁሜያለሁ ይላል። ሱስ ነውና ቃሉን ብቻ ይዤ አልተኛም፤ ግን ሲያምረው መጥቶ ይነግረኛል፣ እኔም አልቆጣም። ሲኒዬን አሥሬ አጥቤ መልሼ ረከቦቱ ላይ ላደርጋት አልቻልኩም፤ ጣልኳት። አሁን እንግዳ ሲመጣ አምስት ሲኒ ነው የምደረድረው። ስድስተኛው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር ልጄ ራሱ ይነግረዋል።